ፊታቸውን ሸፈንኩ፣ በሬያቸውን ረሳሁ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ወጣ! ሳይበጠስ፣ ሙሉውን፣ እየተጥመለመለ ወጣ። በስድስት ዓመት የነርስነት ሥራዬ ከሰው ገላ ብዙ ነገር አውጥቻለሁ፤ እሾህ፣ ሽንብራ፣ አንድ ጊዜም የጆሮ ጌጥ። እንዲህ ያለ አልቅት ግን አይቼ አላውቅም። የሌባ ጣቴን ያህላል።

የወጣበት አፍንጫ ባለቤት አቶ አጣናው ናቸው፤ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የሚቀመጡ ኮስታራ ሽማግሌ። ሩዝ ሲያጭዱ ጠምቷቸው ከቦይ ጎንበስ ብለው ጠጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ነስር በነስር። ዘዴው የቆየ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ከለከልኳቸው፤ ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን ሞልቼ ከአፍንጫቸው ሥር አስጠጋሁ። አልቅትም ይጠማዋል። ብቅ ሲል በመቆንጠጫ ለቀም።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከጥጥ ዕቃው ጋር አስደግፌው ነበር። "ደህና አድርገሽ አብሪልኝ ልጀ" አሉኝ። እግረ መንገዴን መቅረጫውንም ነካሁት። አልነገርኳቸውም። በሥራ ጥድፊያ ረሳሁት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። አልረሳሁትም።

አልቅቱ ሲወጣ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። ደሙ ከጢማቸው ሳይደርቅ፣ ዱላቸውን ወደ ጣሪያው ሰብቀው "ዘራፍ! የሸጋው ጌታ!" ብለው ፎከሩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ከሥራ መልስ ፊታቸውን በቢጫ ሳቂታ ክብ ሸፈንኩ፣ "የቦይ ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ" ብዬ ጻፍኩበት፣ ገጼ ላይ ለቀቅኩት። ሕዝብ ማስተማር የሙያዬ ግዴታ ነው። አይደለም እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ደብረ ታቦር ያሉት ዘመዶቼ በሙሉ ደወሉ። እናቴ "ልጄ ታወቀች" ብላ ለጎረቤት አሳይታለች። ሰዉ የጻፈልኝን ሳነብ ምሳዬ ቀዘቀዘ፦

እኔ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አልጠጣም።

ሲስተር እጅሽ ይባረክ።

አልቅቱስ ደህና ነው?

ይኸ የሸጋው ጌታ አይደሉም እንዴ? እግዜር ይማራቸው!

ለመጨረሻው የልብ ምልክት አደረግሁለትና "አዎ፣ አሁን ድነዋል!" ብዬ መለስኩ። ፉከራቸውን ወዶላቸው የደገመ መሰለኝ።

ቀጥሎ የምለቃቸውንም በዝርዝር ጻፍኩ። የጆሮ ኩክ። እግር የገባ ሚስማር። በሬ የወጋው ጭን (ሲመጣ)። ይህን ስጽፍ እንዴት ደስ እንዳለኝ እግዜር ይወቀው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ደስታዬ እስከ ምሳ አልቆየም።

ዘይነባ አከራዬ ናት። ወረታ ካለው ቤቷ ከፊት ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከኋላ ያለውን ክፍል ለኔ አከራይታለች፣ ከመሃል ሆና ደግሞ ትመክረኛለች። ቪዲዮውን ሳሳያት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አቶ አጣናው እኮ ናቸው!"

እንዴት አወቅሽ፣ ፊታቸው እኮ የለም፣ አልኳት። "ፊት ምን ይሠራል? ሸጋው አለ አይደል!" አለችኝ።

ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችኝ። እዚህ ሜዳ ላይ ወንድ ሲፎክር በበሬው ስም ነው የሚጠራው። ሸጋው የሚባል በሬ ደግሞ በፎገራ አንድ ብቻ ነው፤ ግንባሩ ነጭ፣ ጌታው አቶ አጣናው። ዘይነባ ከገበሬ ጋር ስትገበያይ ስለኖረች የማን በሬ ማን እንደሚባል ከጨርቅ ዋጋ አብልጣ ታውቃለች። እኔ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ ስም የነበረው እንስሳ ድመቷ ብቻ ነበረች። ሰውየው ስማቸውን ከነአድራሻቸው በድምፃቸው ተናግረው፣ እኔ ጢማቸውን ደብቄ ጠቢብ የሆንኩ መሰለኝ። ጠያቂውንም "አዎ፣ ድነዋል" ብዬ በገዛ እጄ አረጋገጥኩለት።

"ወላሂ፣ ማን ነው ማስተዋል ብሎ ስም ያወጣልሽ?" አለችኝ ዘይነባ።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ኃላፊያችን አቶ ደሴ ይጠብቀኝ ነበር። በሩን እንድዘጋ ነገረኝ። አቶ ደሴ በሩን አዘግቶ አያውቅም። ፊታቸውን ሸፍኛለሁ አልኩት። "ስትመረቂ የማልሽው ለፊት ብቻ ነበር?" አለኝ።

ማክሰኞ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይቀመጣል። ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ከሥራ እስከማሰናበት ሊሄድ ይችላል፤ የሙያ ፈቃዴም ነገር አለ። ዘንድሮ ለትምህርት ከሚላኩት ዝርዝር ላይ አንደኛ ነበርኩ። ነበርኩ ብዬ ጻፍኩት፣ እጄ ቀድሞ።

ቪዲዮውን ከገጼም ከስልኬም አጠፋሁት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወደ ቤት የመለሰኝ የባጃጅ ሹፌር ስልኩ ሲጠራ "ዘራፍ! የሸጋው ጌታ!" ይላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ከቁሐር አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቷ ድምጿ ጎርንኗል፣ ደም ትተፋለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አፏን ከፍቼ አየሁ፤ አልቅት፣ ከጉሮሮዋ ጥግ።

"መጀመሪያ ስልክሽን ስጭኝ" አለችኝ እናትየዋ።

ሰጠኋት። መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ማክሰኞ ልትመጣ ተነስታ ነበር። መንገድ ላይ "ሲስተሯ ሰው ታነሳለች፣ ጉሮሮዋን ለአገር ታሳይብሻለች" ሲሏት ተመለሰች። ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ትዳራለች፣ ስም ይወጣባታል ብላ ፈራች። ሁለት ቀን ሙሉ ልጅቷ ደም እየዋጠች ቤት ተቀመጠች። በኔ ምክንያት።

አቶ ደሴ ራሱ መጥቶ መብራቱን ያዘልኝ፤ እውነተኛውን የእጅ ባትሪ። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ወደ መተንፈሻዋ ቢወርድ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። በሦስተኛው ያዝኩት። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አቶ ደሴ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና መብራቱ አጭበረበረኝ አለ።

ደም እንዲታይላት ወደ ሆስፒታል ላክናት። ከሰዓት በኋላ ደህና ናት ተባለ። ተመስገን፣ ተመስገን።

ከሥራ ስወጣ የዘይነባን አሮጌ ሙዳይ ለምኜ ወሰድኩ። ከነገ ጀምሮ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ይቀመጣል፤ የኔ ስልክ መጀመሪያ ይገባበታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ለኮሚቴው የማቀርበው ማብራሪያ።

የመጀመሪያው "ከአቅሜ በላይ በሆነ ሁኔታ" ብሎ ይጀምር ነበር። ቀደድኩት። ሁለተኛው "ለሕዝብ ጥቅም በማሰብ" ይላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ መታየት አምሮኝ ነው። ቀደድኩት። ሦስተኛው ሦስት መስመር ነው፦ ሳልጠይቃቸው ቀረጽኳቸው። ፊታቸውን ሸፈንኩ እንጂ ማንነታቸውን አልሸፈንኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ይህን እንደጨረስኩ ራበኝ። ከረቡዕ ወዲህ ገና ዛሬ ራበኝ። ሽሮውን ጠርጌ በላሁ።

ዘይነባ አዲስ ወሬ አምጥታለች፤ ባታመጣው ይሻል ነበር። አቶ አጣናው የአገሩ አስታራቂ ናቸው። ረቡዕ ዕለት ሁለት የወሰን ጠበኞችን ሊያስታርቁ ተቀምጠው፣ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አስጮኸ። ሰዉ ሳቀ፣ ሽምግልናው ተበተነ። አሁን ልጆቹ "የአልቅቱ ጌታ" ይሏቸዋል አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የገነቡትን ስም በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንዲህ አደረግሁት።

ሽማግሌ ልላክ አልኳት።

"ማንን?" አለች ዘይነባ። "እዚያ አገር ሰው ሲጣላ የሚላኩት እሳቸው ናቸው።"

ተያየን። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ከአገሩ ሰው ሁሉ መርጬ አስታራቂውን ራሱን አስቀየምኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ገበያ። ዘይነባ እንደምታገኛቸው ታውቅ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሱቋ ደንበኛ ናቸው። እኔ ከኋላ ክፍሌ ሆኜ በመጋረጃው ጆሮዬን አስጠጋሁ። አቡጀዲ ሲለኩ ሰማሁ። ስለ ሩዝ ምርት ሲነጋገሩ ሰማሁ። ከዚያ ዘይነባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ምንም አልሰማሁ። ወጥቼ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልኩና መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ።

ሲሄዱ ገብታ ነገረችኝ፤ "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ትምጣ፤ ስልኳንም ይዛ ትምጣ" ብለዋል።

ስልኬን ለምን? ሊሰብሩት? ለሚካኤል ሊሰጡት? ዘይነባ አላወቀችም። ይልቅ በባዶ እጅ አይኬድም አለችኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በማጅራቱ ድንጋይ ይሸከማል። እሽ፣ እዚያው አነሳለሁ አልኳት።

"ከየት? ቁሐር ዋልካ አፈር ነው፤ ብትቆፍሪም ጠጠር አታገኝ!"

የሱቋን በር የምታስደግፍበትን ድንጋይ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 8

የዛሬውን ቀን ሳልረሳ ልጻፈው።

ባጃጁ መንገዱ እስካለበት አደረሰኝ፤ ከዚያ ከታጨደው ሩዝ መሃል በእግሬ። ፌስታሉ መንገድ ላይ ተቀደደ። ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ስሄድ የሚወቁት ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ማንም አልሳቀም። ድንጋዩ ለምን እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ።

አቶ አጣናው ከደጃቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፤ "አባባ፣ አጥፍቻለሁ" ብቻ አልኩ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ዳሰሱት።

"ይኸን ድንጋይ ከየት አመጣሽው?"

ከወረታ፣ በባጃጅ፣ አልኳቸው።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሚስታቸውም ከጓዳ ወጥተው ሳቁ። ድንጋዩን ከማጅራቴ አንሥተው እጄን ይዘው አስነሡኝ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙና ያሉኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

"ልጀ፣ አልቅቱ አላሳፈረኝም። አልቅት ከብትም ይይዛል፣ ባላባትም ይይዛል። ስልኩ ባትሪ መስሎኝ ደህና አድርገሽ አብሪልኝ አልኩሽ። አንች ግን ለኔ አልነበረም የምታበሪው። እሱ ነው የቆጨኝ።"

አለቀስኩ።

እርቅ ካሳ አለው፤ እሱንም ራሳቸው ቆረጡት፣ ሌላ ዳኛ የለማ። ስልኬን እንዳወጣ አዘዙኝ። ወደ በረት ወሰዱኝ። ሸጋውን አየሁት! ጥቁርና ነጭ፣ ሰፊ ግንባር፣ ታቦት ፊት የቆመ ዲያቆን ይመስል ጭምት። አጠገቡ ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጢማቸውን በምራቃቸው አበሱ።

"አሁን ጠይቂኝ" አሉ።

አባባ፣ ላንሳዎት? አልኳቸው።

"አንሽኝ። ለሚካኤል በወረቀት አውጥተሽ አምጭልኝ። ሌላ የትም እንዳታወጭው።"

አራት ጊዜ አነሳኋቸው፤ ሸጋው ሦስቱን ዞረብን። ስወጣ ድንጋዩን ፈለግሁት። ሚስታቸው ለማገዶ መስበሪያ ወስደውታል፤ እዚህ አገር ድንጋይ ከየት ይገኛል ብለው አልመለሱልኝም። ኮሚቴው ማክሰኞ እንደሆነ ነገርኳቸው። እመጣለሁ አሉ። መጥተው ምን እንደሚሉ አልነገሩኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ፎቶ ቤት ሄጄ ፎቶውን በትልቁ አሳጠብኩት። ያማረው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ የቱ የማን ጌታ እንደሆነ አይለይም። ባለ ፎቶ ቤቱ መስኮቱ ላይ ልስቀለው አለኝ። አይሆንም አልኩት። የፎቶው ባለቤት የትም እንዳይወጣ ብለዋል።

ዘይነባ በሯን በውሃ ጀሪካን አስደግፋለች። ድንጋዬስ እያለች ነው።

ነገን እያሰብኩ ነጩን ጋዎኔን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

አልተባረርኩም! መጀመሪያ እሱ ይጻፍ።

አምስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሦስት መስመሬን አነበብኩ። አንዱ ማብራሪያው አጠረ አለ። አቶ ደሴ የጎደለውን ንገረኝ አለው። ስለ ልጅቷም ራሴ ነገርኳቸው፤ እናትየዋ ለምን ሁለት ቀን እንደዘገየች። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ከዚያ አቶ አጣናው ገቡ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ተቀመጡ ሲሏቸው ቆመው ተናገሩ።

"እኔ ይቅር ብያለሁ። ይቅር ማለት ጥፋት የለም ማለት አይደለም፤ ቅጧት። ግን በሬ ከፈሩ ወጣ ተብሎ አይታረድም። ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ፈሩን የሚያውቅ እሱ ነው።"

ውሳኔው፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በማኅደሬ። ዘንድሮ ለትምህርት ከሚላኩት ስሜ ወጥቷል። ይህ አሞኛል፤ አላመመኝም ብል ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ደግሞም ለሠራተኛው ሁሉ ስለ ታካሚ ምስጢርና ስለ ስልክ የማስረዳው እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ፊት ብቻውን ሰው አይደለም ብዬ። ድምፅ አለ፣ ዱላ አለ፣ መንደር አለ፣ በሬ አለ።

የስልክ ማስቀመጫው ሙዳይ ግን በኮሚቴው ጸድቋል። በየክፍሉ በር ላይ አንድ አንድ ይቀመጣል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ተራዬን ቀይሬ ቁሐር ሚካኤል ዋልኩ። የዓመቱ ክብረ በዓል ነው፤ ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ታቦቱ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ስልኩን አነሳ። እኔ የኔን ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩትና በዓይኔ አየሁ። ከዚህ በፊት እልልታውን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር አለች። ከንፈሯ ቀልቷል። ስታየኝ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች፤ ከዚያ ምላሷን አወጣችብኝ። ጥሩ ምላስ ነው።

ፎቶውን ለአቶ አጣናው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። ከዚያ ምሳ ላይ፣ የሩዝ እንጀራው ቀርቦ ሳለ፣ አንድም ሰው ሳይቀር ከሰው ሰው እየዞሩ አሳዩት። ሌላ የትም እንዳታወጭው ያሉኝ ሰውዬ! ግን እኮ የራሳቸው ነው።

የረቡዕ ዕለቶቹ የወሰን ጠበኞችም እዚያው ነበሩ። ከእሁድ ጀምሮ እንደገና ለእርቅ ይቀመጡላቸዋል።

ልሄድ ስነሣ አቶ አጣናው ዋርካው ጥግ ለብቻዬ ጠሩኝ። ዙሪያቸውን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጀ፣ አገሩ ሁሉ ያንን አልቅት አይቷል። እኔ ስልክ የለኝም፤ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አለሽ?"

አጥፍቼዋለሁ አባባ፣ የትም የለኝም፣ አልኳቸው።

"ደግ አደረግሽ" አሉ። "ግን… ትልቅ ነበር?"

ትልቅ ነበር።

"ምን ያህል?"

የሌባ ጣቴን አሳየኋቸው። አተኩረው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተመልሰው ከወንዶቹ መሃል ተቀመጡ። እኔ ጫማዬን ሳስር አንዱ ስለ አልቅቱ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። አልተቆጡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው እስከ ክርናቸው ለኩላቸው።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞሮ፣ እውነት ነው ሲስተር? አለኝ።

ስለ ታካሚ አልናገርም አልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጠቀሱኝ፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ።